አንድ ሌንስ ብቻ ብንገዛ የትኛው ይሁን?

(በተማሪዎች ማኅበር የፎቶግራፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ማኅበራችን ለፎቶግራፍ ክበብ ሌንስ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ፈቅዷል። ገንዘቡ ለአንድ ሌንስ እንጂ ለሁለት አይበቃም። ባለፈው ስብሰባ ላይ ሐሳባችን ለሁለት ተከፈለ፤ ከፊሎቻችን ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ዙም ይገዛ አሉ፤ ከፊሎቻችን ደግሞ ዙም የሌለው፣ መካከለኛ የሆነ አንድ ትንሽ ሌንስ ይሻላል አልን። ክርክሩ ሞቀና ድምፅ ሳይሰጥ ሰዓቱ አለቀ። ሊቀ መንበሩም፣ አብልጬ የጮኽሁት እኔ ስለ ነበርሁ ይመስለኛል፣ ሐሳብህን በጽሑፍ አዘጋጅተህ አቅርብ ብሎ አዘዘኝ። እነሆ አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። የምናገረው ለመንገደኛ ሰው፣ ማለት በአገሩ እየተዘዋወረ በመንገድ፣ በገበያና በሰው ቤት ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ተማሪ የሚስማማው ሌንስ የትኛው እንደ ሆነ ነው። የወፍና የኳስ ጨዋታ ፎቶግራፍ አንሺዎች ቅር እንዳይላቸው ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የክበቡ አባል ላልሆኑት፣ በተለይም ከኋላ ወንበር ለተቀመጡት የሕግ ትምህርት ክፍል ወዳጆቻችን፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በሌንስ ላይ በሚሊሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያያል፤ ሲበዛ ግን ጥቂት ቦታ ብቻ እያየ ሩቁን ያቀርባል። ዙም የሚባለው ቁጥሩ የሚለዋወጥ ነው፤ ከካሜራችን ጋር አብሮ የመጣው ለምሳሌ ከ18 እስከ 55 ይሄዳል። ፕራይም የሚባለው ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ስላለው ማቅረብ ወይም ማራቅ የፈለገ ሰው በእግሩ መሄድ አለበት። በፊልም ዘመን የተለመደው ፎቶግራፍ በፊልሙ ላይ 24 በ36 ሚሊሜትር ነበረ፤ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን ሲለካ 43 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ለዚህ ቁጥር የሚቀርቡት ከ35 እስከ 50 ያሉት ሌንሶች መካከለኛ ተባሉ። እኔ የምሟገተው ለእነዚህ ነው።

ወደ ቁጥሩ ከመሄዴ በፊት ግን ያሳፈረኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት በዕረፍት ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ከአንድ ዘመዴ ከ75 እስከ 300 የሚሄድ ዙም ተውሼ፣ በገበያ ቀን ማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ከገበያው ማዶ ባለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆምሁ። ገብስ የሚሸጡ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ፀሐይ ከጀርባቸው እየወጣች ስለ ነበር ገብሱን በጣሳ እየሰፈሩ ሲያፈሱ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ እንደ ወርቅ ይበተናል። ከዚያ ሁሉ ርቀት ፊታቸውን እስከ ሽፋሽፍታቸው ድረስ አያለሁ፤ እርሳቸው ግን እኔን አያዩኝም። አሥር ወይም አሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁ። በዚህ መካከል ከአጠገባቸው የተቀመጠች ሴት በአገጯ ወደ እኔ አመለከተቻቸው። እናትየዋ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፣ አልጮኹም። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ጥቂት ቆይቶ ስምንት ዓመት ያህል የሚሆነው አንድ ልጅ መንገዱን ተሻግሮ መጣና «ጋሼ፣ እማዬ ለምንድን ነው የሚያነሣኝ ብለህ ጠይቀው ብላኛለች» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ብርሃኑ ስላማረ ነው ብለው ልጁ ምን ብሎ ይነግራቸዋል? ካሜራውን በጃኬቴ ውስጥ ሸሽጌ ሄድሁ።

ከፋሲካ በኋላ ወደዚያው ገበያ ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ የያዝሁት ከአንዲት የክበባችን አባል የተዋስሁትን ባለ 24 ትንሽ ሌንስ ነበር። በዚህ ሌንስ ከማዶ በረንዳ ቆሞ ማንሣት ከንቱ ድካም ነው፤ ሰው እንደ ጉንዳን ያህል ነው የሚታየው። ስለዚህ መንገዱን መሻገር ግድ ሆነብኝ። ልቤ እየመታ ተሻገርሁና «እንደምን አደሩ እማማ» አልሁ። ወዲያው አወቁኝ። «ያ ከሱቁ ደጅ የነበርኸው ልጅ አንተ አይደለህም?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሁለት ጣሳ ገብስም ገዛሁ፤ በተማሪ ማደሪያ ውስጥ ገብስ ምን እንደሚደረግበት ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። «ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ እኮ ደኅናዋን ነጠላዬን ለብሼ እመጣ ነበር» አሉና ሳቁ። አጠገባቸው ባለው ከረጢት ላይ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝና አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ በብርሃን ረገድ የመጀመሪያው ቀን ፎቶግራፍ ከሁለተኛው ይበልጥ ነበር። ላሳያችሁ ግን አልችልም፤ ደምስሼዋለሁ።

ይህን ስል «ጥፋቱ ያንተ ነው እንጂ ሌንሱ ምን አደረገ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ዙም የያዘ ሰውም መንገድ መሻገር ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሌንስ ባለቤቱን የሚያቆምበት ሥፍራ አለው። ይህንንም በሂሳብ ላሳያችሁ። የክበባችን ካኖን ካሜራ ሴንሰሩ፣ ማለት በፊልም ፈንታ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ በረጅም ጎኑ 22.3 ሚሊሜትር ነው። ካሜራውን በቁመቱ ይዘን አንድን ሰው ከእግር እስከ ራስ፣ ከላይና ከታች ትንሽ ክፍተት ትተን፣ ማለት ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ማንሣት ብንፈልግ ስንት ሜትር ርቀን እንቆማለን? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ይበቃናል፤ ሁለት ሜትሩን በሌንሱ ቁጥር አባዝቶ ለ22.3 ማካፈል ነው። በባለ 24 ሌንስ 2.15 ሜትር ይሆናል። በባለ 50 ወደ 4.5 ሜትር ይሄዳል። በባለ 300 ግን 27 ሜትር ያህል ነው።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በመንገድ ላይ አድርጋችሁ አስቧቸው። ሁለት ሜትር ሰው ሰላም የሚባባልበት ርቀት ነው፤ ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ መነጋገር ይቻላል፤ ሰውዬው ፊቱን ቢያጠቁር ይታያል፤ አይሆንም ቢል ይሰማል። በአራት ሜትር ተኩል መተያየት አለ፤ ንግግሩ ግን የጥሪ ያህል ይሆናል። በሃያ ሰባት ሜትር ላይ ደግሞ ያቺ እናት አንድ ልጅ መላክ ነበረባቸው። የምንገዛው ሌንስ ከምናነሣው ሰው ጋር ያለንን ርቀት አብሮ የሚገዛልን ስለ ሆነ፣ ድምፄን ለሁለት ሜትሩ እሰጣለሁ።

በዚህ ላይ አንድ መምህራችን ባለፈው ስብሰባ ያነሡት ክርክር አለ፤ ቀላል ስላልሆነ ልዘለው አልወድም። «ሰው እንደሚነሣ ካወቀ ፊቱን ያስተካክላል፤ ያን ጊዜ የምታገኙት ኑሮውን ሳይሆን ትያትሩን ነው» ብለው ነበር። በእርግጥም አገራችን ፎቶግራፍ ሲባል እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ፣ እጅን ከጎን አድርጎ፣ ትንፋሽ ቆልፎ የሚቆምባት አገር ናት። እኔ ራሴ በቤተ ሰባችን ፎቶግራፎች ላይ አንድም ቀን ሲስቅ ያልታየ አጎት አለኝ፤ ሰውዬው ግን በሰፈሩ የታወቀ ቀልደኛ ነው። ታዲያ የዚህ መድኃኒቱ መሸሽ ነው ወይስ መቆየት? ቡና ሲፈላ የታዘብሁትን ልንገራችሁ። አቦሉ ሲቀዳ ሁሉም ወደ ካሜራው ያያል፤ ልጆቹም ይሰለፋሉ። ቶናው ላይ ወሬ ይጀመራል፤ አንዱ የአንዱን ነገር ይነቅፋል። በረካው ላይ ካሜራው ተረስቷል፤ የሚታየውም የቤቱ ሰው እንደ ወትሮው ሆኖ ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚያነሣው ሰው ይህን ፊት በአንድ ደቂቃ ያገኘው ይሆናል፤ እርግጥ ነው። ነገር ግን ያገኘው ፊቱን ብቻ ነው፤ ጀበናውን፣ ረከቦቱን፣ በበሩ የሚገባውን ጎረቤት አያገኝም። ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። በፎቶግራፍ ውስጥ የቅርቡና የሩቁ ነገር መጠን የሚወሰነው ካሜራው በቆመበት ርቀት ነው። ከሃያ ሰባት ሜትር ሲታይ ሰውዬውና ከኋላው ያለው ግድግዳ የተጣበቁ ይመስላሉ፤ ከሁለት ሜትር ሲታይ ግን ሰውዬው ከፊት ጎልቶ፣ ገበያው ከኋላው ተዘርግቶ ይቆማል። ተመልካቹም እዚያው አጠገብ የቆመ ይመስለዋል።

ለመምህሬ አንድ ነገር ላምን እወዳለሁ። በኒው ዮርክ ይኖር የነበረው ሶል ላይተር (እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 2013) ብዙ ጊዜ በረጅም ሌንስ፣ በጉም በተሸፈነ መስተዋት ውስጥ እያየ፣ የመንገዱን ሰው አንሥቷል፤ ፎቶግራፎቹም እጅግ ያምራሉ። ነገር ግን በእነርሱ ውስጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ወይም ቀይ ጃንጥላ ነው፤ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ሰውን ሳይገልጡ ከሩቅ ማንሣት የሚቻል መሆኑን እርሱ አሳይቷል። እኛ ግን ዙም እንግዛ ስንል የምናስበው ጃንጥላውን አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ወገን ልዙር፤ በመካከላችን ስምምነት የለምና። ፕራይም ይገዛ ካሉት ውስጥ ብዙዎቹ ባለ 50 ይሁን ይላሉ። ምክንያታቸውም ታላቁ ፈረንሳዊ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በባለ 50 ሌንስ ነው የሚል ነው። ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕዚግ ትርኢት ላይ ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዪቱ ላይካ ካሜራም የነበራት ባለ 50 ሌንስ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ባለ 24 በ36 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራዎች ናቸው። የኛው ካሜራ ሴንሰር ከዚያ ያነሰ ስለ ሆነ የምስሉን መካከል ብቻ ቆርጦ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሌንሱን ቁጥር በ1.6 ማባዛት ያስፈልጋል። 50 በ1.6 ሲባዛ 80 ነው። ባለ 50ውን በክበባችን ካሜራ ላይ የገጠመ ሰው የካርቲዬ ብሬሶንን ዓይን ገዛሁ ብሎ የፊት ማንሻ ሌንስ ገዛ ማለት ነው። የርሱን እይታ ለማግኘት በኛ ካሜራ ላይ 31 ያህል ያስፈልገን ነበር። ባለ 24ቱ በ1.6 ሲባዛ 38 ግድም ስለሚሆን፣ መካከለኛ ከተባሉት ከ35 እስከ 50 ካሉት መካከል ይገባል። ኒኮን፣ ሶኒ ወይም ፉጂ ያላችሁ፣ ሴንሰሩ ትንሹ ከሆነ የምታባዙት በ1.5 ነው፤ የኒኮን ባለ 35 ሌንስ ለምሳሌ 52 ያህል ይሆንላችኋል፤ መልካም ሌንስ ነው።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የአንድ ጓደኛዬን ነገር ልጨምር። ባለ 50 በአጠራቀማት ገንዘብ ገዛና ለበዓል ወደ እናቱ ቤት ይዞት ሄደ። እናቱ ቡና ሲያፈሉ ሊያነሣ ፈለገ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቢቆም እንኳ በእርሱና በእናቱ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። በዚህ ርቀት ባለ 50ው በአግድሙ የሚያየው 1.1 ሜትር ብቻ ነው። እናቱ ከገቡ ጀበናው ይቀራል፤ ጀበናው ከገባ የእናቱ ራስ ይቆረጣል። በመጨረሻ የመጣው ፎቶግራፍ አንድ እጅና አንድ ሲኒ ነው። እናቱም አይተው «ምነው፣ እኔ አልነበርሁም እንዴ?» አሉት። በዚያው ሥፍራ ባለ 24 ቢሆን ኖሮ 2.3 ሜትር ያይ ነበር፤ እናቱም፣ ጀበናውም፣ ደጃፉ ላይ የቆመችው እኅቱም በገቡ ነበር። ቤቶቻችን፣ ታክሲዎቻችን፣ ሻይ ቤቶቻችን ጠባቦች ናቸው፤ ወደ ኋላ የሚኬድበት ቦታ የለም። ወደ ፊት ግን ሁል ጊዜ አንድ እርምጃ መሄድ ይቻላል።

ለባለ 50ው የሚገባውን ክብር ሳልሰጥ ብቀር ግን አድልዎ ይሆንብኛል። ፊትን ብቻ ለማንሣት፣ ለምሳሌ ለተመራቂዎቻችን መጽሔት፣ ከባለ 24 ይሻላል። በባለ 24 ፊትን ለመሙላት ከግማሽ ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ ስለሚያስፈልግ አፍንጫ ያለ መጠኑ ያድጋል፤ እንዲህ የተነሣ ሰው ዳግመኛ ሰላም አይላችሁም። ሁለተኛም በብርሃን ነገር ይበልጣል። በሌንስ ላይ ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ሌላው ቁጥር የብርሃኑን ቀዳዳ የሚያመለክት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ርካሹ ባለ 50 እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ ከካሜራው ጋር የመጣው ዙም ግን በ55 ላይ ከኤፍ 5.6 አያልፍም። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት አሥር እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። እኔ የምሟገትለት ባለ 24 ደግሞ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 2.8 ብቻ ነው፤ ከባለ 50ው ጋር ሲተያይ ብርሃኑ በ2.4 እጥፍ ያንሳል። ይህ ደካማ ጎኑ ነው፤ አልደብቅም። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ በመስኮት በምትገባ አንዲት ጨረር ለሚያነሣ ሰው ይህ ልዩነት ይሰማል።

በዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ሌንስ ረጅም በሆነ መጠን የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። የቆየው የባለሙያዎች ልማድ፣ በእጅ ይዞ ለማንሣት የሻተሩ ፍጥነት ከሌንሱ ቁጥር ያላነሰ ይሁን የሚል ነው፤ ይኸውም በኛ ካሜራ በ1.6 ከተባዛ በኋላ ነው። ስለዚህ ባለ 50ው የሴኮንድ 1/80 ሲፈልግ ባለ 24ቱ በ1/40 ይበቃዋል። በግማሽ ፍጥነት ማንሣት ማለት እጥፍ ብርሃን ማግኘት ስለ ሆነ፣ የጎደለው አብዛኛው ብርሃን በዚህ ይመለሳል። የሚነሣው ነገር ቆሞ ከሆነ ነው ታዲያ፤ ለሚጨፍር ሰው ይህ አይሠራም።

ስለ ጉዞው ብዙ አልልም፤ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ባለ 24ቱ 125 ግራም ይመዝናል፤ ያ ከ75 እስከ 300 የሚሄደው ዙም 480 ግራም ነው። ይልቁንም የሚያሳስበኝ አቧራው ነው። በየመንገዱ ሌንስ የሚቀያይር ሰው በበጋ ወራት ሴንሰሩን አቧራ ያጠግበዋል፤ አንድ ሌንስ ገጥሞ የወጣ ሰው ግን እስኪመለስ አይከፍተውም። በከተማም ቢሆን ትልቅ ሌንስ የተሸከመ ተማሪ በየበሩ ጥበቃ «ፈቃድ አለህ?» ይባላል።

«ስልካችን አይበቃም ወይ?» ላለችው እኅታችንም መልስ አለብኝ። የአብዛኞቹ ስልኮች ዋና ካሜራ በፊልሙ ዘመን ሚዛን ከ24 እስከ 28 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከምንነጋገርበት ሌንስ ሰፋ ይላል እንጂ ጠባዩ ከርሱ አይርቅም። ስለዚህ በስልክ መጀመር ይቻላል። በጣት እየጎተቱ ማቅረቡን ብቻ ተዉት፤ በዋናው ካሜራ ላይ ያ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን ቆርጦ ማስፋት ነው። በእግር መቅረብ ነፃ ነው።

ምርጫችሁን እኔን አምናችሁ እንድታደርጉ አልፈልግም። ባለ 18 እስከ 55 ዙም ያለው ሰው ሌንሱን 24 ላይ አድርጎ በፕላስተር ይለጥፈውና አንድ ሳምንት እንዲሁ ይሥራ። በሚቀጥለው ሳምንት 35 ላይ፣ ከዚያም 50 ላይ ያድርገው። በየትኛው ሳምንት እንደ ተናደደና በየትኛው እንደ ተደሰተ ያን ጊዜ ያውቃል። ከዚህም ሌላ ካሜራው በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ውስጥ የሌንሱን ቁጥር መዝግቦ ያስቀምጣልና የቆዩ ፎቶግራፎቻችሁን መርምሩ። እኔ የራሴን ብመረምር አብዛኞቹ ወይ በ18 ወይ በ55 የተነሡ ሆነው አገኘኋቸው፤ ማለት ዙሙን እስከ ጫፉ እጠመዝዘው ነበር እንጂ አላስብም ነበር።

ስለ ግዢው ጥቂት ልበልና ልፈጽም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ዓይነት የሌንስ መግጠሚያ ስላወጣ፣ ብዙ ሰዎች ወደዚያ ሲዛወሩ የቀድሞዎቹን ሌንሶች ይሸጣሉ። ይህ ለኛ ዕድል ነው፤ ያገለገለ መግዛት ያዋጣል። ደግሞም ወደፊት ክበቡ አዲሱን ዓይነት ካሜራ ቢያገኝ የቀድሞው ሌንስ በማገናኛ ይሠራል። ነገር ግን ሳንመረምር አንግዛ። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዞ በውስጡ ማየት ነው፤ ጥቂት አቧራ ጉዳት የለውም፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ግን ሻጋታ ነውና ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ መመለስ ይገባል። በካሜራው ላይ ገጥሞ የቅርቡንም የሩቁንም ማንሣት፣ ከዚያም ምስሉን አስፍቶ አራቱን ማዕዘኖች መመልከት ያስፈልጋል፤ አንዱ ማዕዘን ከሌሎቹ ይልቅ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል ማለት ሊሆን ይችላል። የኒኮን ባለቤቶች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ፤ ርካሾቹ የኒኮን ካሜራዎች በውስጣቸው ሞተር ስለሌላቸው የቆዩት ሌንሶች በእነርሱ ላይ በራሳቸው አያተኩሩም፤ በእጅ ማስተካከል ይኖርባችኋል። ከተገዛ በኋላም በክረምት ከቆዳ ማኅደር አውጥቶ፣ ከአዲስ ጫማ ጋር የምትመጣዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አጠገቡ አድርጎ፣ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ድምፅ የሚሰጠው ዓርብ ነው። ዙም ቢመረጥ እታዘዛለሁ፤ ለጥምቀትም ሕዝቡ መሐል መግባት በማይቻልበት ጊዜ ደስ ብሎኝ እዋሰዋለሁ። እስከ ዓርብ ግን ያ ባለ 24 እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባለቤቷ በደግነቷ ለክበቡ ትታልናለች። መሞከር የሚፈልግ ስሙን ጽፎ ይውሰድና ከግቢው በር ውጭ ካሉት ሊስትሮዎች ወደ አንዱ ይሂድ፤ ተቀምጦ፣ ጫማውን እያስጠረገና እያጫወተ፣ ፈቃዱን ጠይቆ አንድ ፎቶግራፍ ያንሣ። ርቀቱ ከሁለት ሜትር በታች ስለሚሆን ጉልበቱ ሳይቆረጥ እጁንና ፊቱን አንድ ላይ ለማስገባት ትንሽ መታገል ይኖርበታል። ፎቶግራፉን ዓርብ ይዞ ይምጣ፤ ለልጁም አንድ ቅጂ ማድረሱን አይርሳ። የጫማውን ማስጠረጊያ ግን ክበቡ አይከፍልም፤ ገንዘብ ያዣችንን ጠይቄ ነበር።